የሰጪው ድርሻ

እ.ኤ.አ. በ2008 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ደመወዝ በወጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ኤልዛቤት ደን፣ ላራ አክኒንና ማይክል ኖርተን የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳዋ ቫንኩቨር ጠዋት ላይ ሰዎችን አግኝተው ፖስታ ሰጧቸው። በአንዳንዱ ፖስታ አምስት፣ በአንዳንዱ ሃያ ዶላር አለበት። ከገንዘቡ ጋር ትእዛዝ አለ፦ ግማሾቹ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ድረስ ለራሳቸው ያጥፉት፤ ግማሾቹ ለሌላ ሰው ስጦታ ይግዙበት ወይም ለበጎ አድራጎት ይስጡት። ማምሻውን ስልክ ተደወለላቸው። ለሌላ ያወጡት ለራሳቸው ካወጡት ይበልጥ ደስ ብሏቸው አመሹ። አምስት የደረሰውና ሃያ የደረሰው ደግሞ በደስታው አልተበላለጡም።

እኔን የገረመኝ ግን ከጎኑ የተጠየቀው ነው። ለሌሎች ተማሪዎች አራቱን አማራጮች ዘርዝረው «የትኛው ሰው ይበልጥ ደስ የሚለው ይመስላችኋል?» አሏቸው። ብዙዎቹ ሃያ ዶላሩን ለራሱ ያጠፋውን ሰው መረጡ። ሁለት ጊዜ ሳቱ ማለት ነው፤ በገንዘቡ መጠንም፣ ገንዘቡ በሚሄድበት አቅጣጫም። ደመወዝ ሲገባ የእኛም ስሌት ከዚህ አይርቅም። «ይቺን ለራሴ ካዋልኳት እፎይ እላለሁ» እንላለን፤ ሳምንት ሳይሞላ ጫማውም ይለመዳል፣ ስልኩም ይለመዳል።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። «ዘይቱ እንዲህ ተወዶ፣ የቤት ኪራዩ እንዲህ ንሮ፣ ለራሴ ሳይበቃኝ ለማን ልስጥ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። ለልጆቹ እራት የጎደለውን ሰው «ስጥ፣ ደስ ይልሃል» የሚል ጸሐፊ ቢሰደብ አላዝንለትም። ትንሽ የሚተርፈን ሰዎች ግን ያችን የአምስት ዶላር ፖስታ እናስታውሳት። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2013 የ136 አገሮችን መረጃ ሲመረምሩ በ120ዎቹ ለሌላ ሰው የሚያወጡ ሰዎች በኑሯቸው ይበልጥ ረክተው ተገኝተዋል። ከአገሮቹ ውስጥ ሀብታሙም ድሃውም አለ። በካናዳና በኡጋንዳ ሰዎች አንድ ጊዜ ለሌላ ያወጡትን ገንዘብ እንዲያስታውሱ ሲደረግም፣ ትዝታው ብቻውን ፊታቸውን ፈታ አደረገው።

ነገሩን እንዳናጋንነው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው የፖስታ ሙከራ 46 ሰዎችን ብቻ የያዘ ስለነበር ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2020 በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይዘው ጉዳዩን መልሰው ፈተኑት። በአንደኛው ሙከራ ተማሪዎች ሆስፒታል ለተኛ ሕፃን የሚሰጥ የስጦታ ከረጢት ገዙ፤ ለራሳቸው ከገዙት ይልቅ ደስ አላቸው። ደስታው ልከኛ ነው። መቶ ብር የሰጠ ሰው በዚያው ማታ ዕዳው አይሰረዝለትም፤ ከአለቃው ጋር ያለው ጠብም አይበርድለትም። ግን ልከኛ የሆነና በእጃችን ያለ ደስታ፣ በየሳምንቱ ልንደግመው የምንችል፣ ስንት ነገር አለ? ሰውነታችንም ሳያውቀው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት የደም ግፊት ያለባቸው አረጋውያን ለሦስት ሳምንት ገንዘብ ተሰጣቸው። ለሌሎች እንዲያወጡት የተነገራቸው ሰዎች ግፊታቸው ለራሳቸው እንዲያወጡት ከተነገራቸው ዝቅ አለ። (ኪኒናችሁን ግን በዚህ ምክንያት እንዳታቋርጡ።)

ከሁሉም ጥናት ለእኔ የሚጣፍጠው የሕፃናቱ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ትንንሽ ብስኩት ተሰጣቸውና ለአሻንጉሊት እንዲያካፍሉ ተደረገ። ፊታቸው በቪዲዮ ተቀርጾ ሲታይ፣ ሕፃናቱ ብስኩት ከመቀበል ይልቅ ሲሰጡ ፈገግታቸው ይበልጥ ነበር። ከሁሉም ይበልጥ ፈገግ ያሉት ደግሞ ከራሳቸው ሳህን አንስተው ሲሰጡ ነው። ገና ምስጋና የማይጠብቅ፣ ስም የማያስጠራ፣ ስለ ጽድቅ ያልሰማ ሕፃን ነው ይህ። የእኛ እናቶች ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለነዳያን የሚሰጠውን ሳንቲም ራሳቸው ጥለው አያልፉም፤ በልጃቸው መዳፍ ያስቀምጡና «በል ስጣቸው» ይላሉ። ልጁ ሰጥቶ፣ ተመርቆ፣ ሮጦ ይመለሳል። በሙስሊሙ ቤትም ዘካተል ፊጥር ከዒድ ሶላት በፊት ሲወጣ አባወራው ለእያንዳንዱ የቤቱ ሰው፣ ጡት ለሚጠባው ልጅ ጭምር፣ ቆጥሮ ያወጣል። ልጁ መስጠትን ከመናገር በፊት ይጀምረዋል ማለት ነው።

እንግዲህ መስጠት ይህን ያህል የሚያስደስት ከሆነ፣ ሰጥተን ሰጥተን የሚከፋንስ ለምንድን ነው? የጽሑፌ ዋና ነገር እዚህ ነው፤ ደስታው በሁሉም ስጦታ ውስጥ የለም። ደስታውን የሚያመጡት ነገሮች አሉ፤ እነሱን ማወቅ ይጠቅማል።

አንደኛው ማየት ነው። አክኒንና ጓደኞቿ ለሁለት ድርጅቶች የሚደረገውን ስጦታ አወዳድረው ነበር። አንዱ ለዩኒሴፍ በጥቅሉ የሚሰጥ ነው። ሌላው «ስፕሬድ ዘ ኔት» ለተባለ ዘመቻ የሚሰጥ ሲሆን፣ አሥር ዶላር የሰጠ ሰው አንድ ሕፃን ከወባ የሚከላከል አንድ አጎበር እንደገዛ ያውቃል። ሁለቱም በጎ ሥራ ነው፤ ገንዘቡ ምን እንደሆነ በዓይነ ኅሊናቸው ማየት የቻሉት ግን ብዙ በሰጡ ቁጥር ደስታቸው ጨመረ። የስዊድን ደም ባንኮችም ይህን ተረድተዋል፤ የለገሳችሁት ደም ለታካሚ የተሰጠ ዕለት ስልካችሁ ላይ አጭር መልእክት ይመጣል። ሥራ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ስብሰባ ሰልችቷችሁ ሳለ እንዲህ ያለ መልእክት ሲገባ አስቡት! አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሆፕ ኢንተርፕራይዝ በቸርችል ጎዳና ለዓመታት የምግብ ኩፖን ሲሸጥ ኖሯል። ኩፖኑን ገዝታችሁ ኪሳችሁ ትይዛላችሁ፤ መንገድ ላይ የራበው ሰው ሲገጥማችሁ ትሰጡታላችሁ፤ እሱም ሄዶ ትኩስ ምግብ ይበላል። «ለመጠጥ ያውለው ይሆን?» የሚለው ጥርጣሬ የለም፤ የዛሬ ምሳው ተበላ፣ አለቀ።

ሁለተኛው መምረጥ ነው። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በአንጎል ምስል ማንሻ መሣሪያ ውስጥ ተኝተው ሳለ፣ ከተሰጣቸው ገንዘብ ላይ ለምግብ ባንክ ሲሄድ በአንጎላቸው የሚሆነው ተመዘገበ። አንዳንድ ጊዜ እንደ ግብር ተቆርጦ ይሄዳል፤ አንዳንድ ጊዜ ራሳቸው ፈቅደው ይሰጣሉ። በሁለቱም ጊዜ ገንዘብ ስንቀበል የሚነቃው የአንጎል ክፍል ነቃ፤ በፈቃድ ሲሆን ግን ይበልጥ። ይህን ሳነብ በዓረብ አገር ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ትዝ ይሉኛል። ከደመወዛቸው ላይ ለእናት መድኃኒት፣ ለወንድም ትምህርት፣ ለዘመድ ሰርግ ይልካሉ፤ ለእነሱ ግን «ትሰጫለሽ ወይስ አትሰጪም?» የሚል ጥያቄ ቀርቦላቸው አያውቅም። ሲደክማቸው ስስታሞች ሆነው አይደለም። እንዲህ ያለ ሸክም ላለበት ሰው የእኔ ምክር «ጨምሪ» አይደለም። ከምትልኪው ውስጥ አንዷን፣ ትንሿንም ቢሆን፣ አንቺ ራስሽ መርጠሽ ላኪያት፤ ለማን እንደሆነ አንቺ ወስኚ፣ ምን እንደተገዛባት ፎቶ ይላክልሽ። ቤተሰብም ቢሆን «ደረሰን» ከማለት አልፎ «የእማማ መነጽር ይኸው» ብሎ ቢያሳይ ወጪ የለውም።

ስለ ፎቶ ካነሳን አይቀር፣ ዳቦ በአንድ እጅ፣ ስልክ በሌላ እጅ ይዞ የተራበ ሰው ፊት ላይ መብራት ማብራት ደስ አይለኝም። ለድርጅት ተጠያቂነት የሚደረግ ማሳወቅ ሌላ ነገር ነው። የተቀባዩን ገመና ዘርግቶ የሚገኝ «ላይክ» ግን ጠቀሜታው ለተመልካቹ ቁጥር ነው፤ እኔ የማወራለት ደስታ በዚያ አይመጣም።

ሦስተኛው ሰው ነው፤ በአካል መገናኘት። በመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ልደቱን ከአረጋውያን ጋር የሚያከብር፣ የሰርግ ማግስት ድግሱን ይዞ የሚሄድ፣ ለተዝካር የተዘጋጀውን እዚያ የሚያበላ ሰው ብዙ ነው። ቢኒያም በለጠ የመሠረተውን የዚህን ማዕከል «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚል መፈክር ከተማው ሁሉ በቃሉ ይዞታል። በባንክ የላከ ሰውም ረድቷል፤ ተባረክ እንለዋለን። ጎንበስ ብሎ ያጎረሰ ሰው ግን ምርቃቱን በጆሮው ሰምቶ፣ የአዛውንቱን ቀልድ ስቆበት፣ የራሱን ችግር ለግማሽ ቀን ረስቶ ይመለሳል። ሥራ ያጣ፣ ከሰው የተገለለ፣ «አልረባም» የሚል ሐሳብ የያዘው ወጣት ይህን ቢሞክር እወዳለሁ። ብር አይጠየቅም፤ ጉልበት፣ ጊዜ፣ ልብስ ማጠብ፣ ፀጉር መቁረጥ፣ ወግ ማውጋት ይበቃል። ያለ እሱ የማይንቀሳቀስ ሰው ሲጠብቀው፣ «አልረባም» የሚለው ሐሳብ መግቢያ ያጣል።

መስጠት ሁልጊዜ ቀላልና ፈገግታ ብቻ ነው እንዳልል የሚያደርገኝ የክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ለመሳለም ወደ ግሸን ማርያም ሲሄዱ ወሎ በረሃብ ላይ ነበረች። በሞተች እናቷ አጠገብ ያለች ሕፃን አዩ። ጥለው ማለፍ አልሆነላቸውም፤ እሷን ጨምሮ ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። ቤተሰብ እንደ እብደት ቆጠረው፤ ከልጆቹና ከትዳር አንዱን ምረጪ ሲባሉ ልጆቹን ይዘው ወጡ። እንጀራና ቆሎ እየሸጡ አሳደጓቸው። ያ ጅምር በስማቸው የሚጠራ ትልቅ ድርጅት ሆኖ፣ በሰኔ 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው ሲያርፉ «እናቴ» ብሎ ያለቀሰላቸው ሰው ለቍጥር አስቸገረ። ከዚህ ታሪክ የምወስደው «እናንተም ትዳራችሁን ጣሉ» የሚል አይደለም፣ ኧረ በፍጹም! የምወስደው የመነሻውን ልክ ነው። ወደ ግሸን የሄዱት ድርጅት ሊመሠርቱ ወይም የአገርን ረሃብ ሊፈቱ አልነበረም። ፊታቸው ያለውን ልጅ አነሡ፤ ቀጥሎ ያለው በኋላ መጣ።

«ለደስታዬ ብዬ ከሰጠሁ ስጦታው ዋጋ ያጣል?» ብለው የሚጨነቁ ሰዎች አሉ። ጄምስ አንድሬዮኒ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ገና በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሰው ሲሰጥ ለራሱ የሚሰማው ሙቀት የመስጠቱ አንዱ ምክንያት እንደሆነ ጽፏል። እኔ ነውር አይታየኝም። የራበው ሰው ምሳውን ሲበላ የሰጪውን ሐሳብ አያጣራም። ደስ ብሎት የሰጠ ሰው ደግሞ ነገም ይመለሳል፤ ተቆጥቶ ወይም አፍሮ የሰጠ ሰው ግን በሚቀጥለው ጊዜ መንገድ ይቀይራል። ለተቀባዩም የሚበጀው ደስ ያለው ሰጪ ነው።

ስለዚህ በዚህ ወር ጀምሩ። አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጡ፤ በየአቅጣጫው የተበተነ ብር የት እንደደረሰ አይታይም። ከደመወዝ ላይ ያዝ የምታደርጉትን መጠን እንዳይጎዳችሁ አድርጋችሁ አሳንሱት፤ ገንዘብ ከሌላችሁና ጤነኛ ከሆናችሁ በየሦስት ወሩ የሚለገስ ደም አላችሁ። ልጅ ካላችሁ ሰጪው እሱ ይሁን። «ማንን እንደምረዳ አላውቅም» የምትሉ ደግሞ ሩቅ አትሂዱ፤ የሰፈራችሁን ዕድር ጸሐፊ ጠይቁት። የማን ጣራ እንደሚያፈስ፣ የትኛዋ ተማሪ ደብተር እንዳልተገዛላት፣ የትኛው አዛውንት መድኃኒት እንዳቋረጡ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ሳይነግራችሁም አይለቃችሁም።