የሰገራ ምርመራ ውጤት እንዴት ይነበባል?



ርእሱ ያሳፍር ይሆናል። ግን ሰሐቢይቷ ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ሴቶች የሚያፍሩበትን ጉዳይ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) በግልጽ ጠይቃለች። ሐያእ ከማወቅ አላገዳትም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የዶርሜ ልጅ ነው። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ሆዱን ሲቆርጠው፣ ሌሊት ተቅማጥ ሲያስነሳው፣ አንዳንዴም ደም ሲያይ ከረመ። ክሊኒክ በሄደ ቁጥር «አሜባ ነው» ተብሎ ሜትሮኒዳዞል ይዞ ይመለሳል። አራተኛው ዙር ላይ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ።

ወረቀቱ ላይ «ኖ ኦ ፒ ሲን» ከተባለ በማይክሮስኮፕ የጥገኛ ትል እንቁላልም ሆነ ጥገኛ ተሕዋስያን አልታየም ማለት ነው፤ ጤነኛ ናችሁ ማለት አይደለም። ዛሬ ያልታየ ነገ ሊታይ ስለሚችል በተለያየ ቀን ሦስት ናሙና መስጠት ይሻላል። «አሜባ ታየ» የሚለውም ያሳስታል። በሽታ የሚያመጣው ኢንታሚባ ሂስቶሊቲካና ጉዳት የሌለው ኢንታሚባ ዲስፓር በማይክሮስኮፕ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቀይ የደም ሴል ውጦ ካልተገኘ መለየት ያስቸግራል። ሰገራው ቀጭን ከሆነ ደግሞ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ።

«ፐስ ሴል» ነጭ የደም ሴል ነው፤ «ኦከልት ብለድ» ፖዘቲቭ ማለት በዓይን የማይታይ ደም አለ ማለት ነው። ሁለቱም ምክንያቱን አይነግሩም። የኤች ፓይሎሪ ምርመራ የጨጓራ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አይገባም።

ለልጁ በመጨረሻ የታዘዘለት ካልፕሮቴክቲን የሚባል ምርመራ ነው። ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚይዙት ፕሮቲን ነው፤ አንጀት ሲቆጣ ሴሎቹ ወደዚያ ይጎርፋሉ፣ ፕሮቲኑም ከሰገራ ጋር ይወጣል። በአንድ ግራም ሰገራ ከ50 ማይክሮግራም በታች ከሆነ አይ ቢ ዲ የተባለው ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው። ከ50 እስከ 250 ያለው አጠራጣሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሳምንታት በኋላ ይደገማል። ከ250 በላይ ከሆነ አንጀቱ መቆጣቱ አይቀርም። የልጁ ከ800 በላይ ነበር።

እኛ ኢንጂነሪንግ የምንማር ሰዎች ቁጥር ስናይ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ይህ ቁጥር ግን ጭስ ጠቋሚ ነው፤ ምን እንደሚቃጠል አይናገርም። የባክቴሪያ ኢንፌክሽንም፣ ለራስ ምታትና ለወገብ የምንውጣቸው ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ የወሰዳችሁትን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ። ባገራችን ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው የአንጀት ቲቢ ነው፤ ከክሮንስ በሽታ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ቲቢ ያለበት ሰው ክሮንስ ነው ተብሎ ፕሬድኒሶሎን ቢጀምር ቲቢው ይባባስበታል። ኮሎኖስኮፒና ባዮፕሲ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የልጁ በዚያ ነው አልሰሬቲቭ ኮላይትስ መሆኑ የታወቀው።

ተቅማጥ ከ4 ሳምንት ካለፈ፣ ደም ካያችሁ ወይም ከከሳችሁ የድሮ ውጤቶቻችሁን በሙሉ ይዛችሁ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ሂዱ። የረመዷንን ጾም በተመለከተ ከሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሩ መድኃኒት አታቋርጡ። ውዱእ አልቆይ ብሎት ከጀመዓ የቀረ ካለ ደግሞ ዑዝር ላለበት ሰው የተለየ ሑክም አለ፤ ከመቅረቱ በፊት ኡስታዞቻችንን ይጠይቅ።