ሳተላይት መቆጣጠር የት ልማር?

«ኤሮስፔስ» የሚለው ስም ሁለት ሙያ፣ የአውሮፕላንንና የሳተላይትን፣ አቅፏል፤ ብዙ አመልካች የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። አውሮፕላን ሲታጠፍ አየሩን ተደግፎ ነው። ሳተላይት የሚደገፍበት አየር የለውም፤ ፊቱን የሚያዞረው ሪአክሽን ዊል በሚባሉ በውስጡ በሚሽከረከሩ ዲስኮች፣ ከምድር መግነጢስ ጋር በሚገፋፉ ጥቅል ሽቦዎች ወይም በትንንሽ ሮኬቶች ነው። የናሳው ኬፕለር ቴሌስኮፕ ከ4 ዲስኮቹ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲበላሽበት ዒላማው ላይ ጸንቶ መቆየት አቃተው። መሐንዲሶቹ የጎደለውን በፀሐይ ብርሃን ግፊት አካክሰው በ2014 ወደ ሥራ መለሱት። ይህን ስታነቡ «እንዴት አድርገው?» ካላችሁ የምትፈልጉት ሁለተኛውን ሙያ ነው።

እንግዲያው የዩኒቨርሲቲዎችን የደረጃ ሰንጠረዥ ለጊዜው ተዉትና የኮርስ ዝርዝር አውርዱ። ኦርቢታል ሜካኒክስ፣ ስቴት ስፔስ፣ ካልማን ፊልተር፣ አቲትዩድ ኮንትሮል የሚሉትን ፈልጉ። ዝርዝሩን የሞላው ኤሮዳይናሚክስ፣ ጄት ሞተርና ክንፍ ከሆነ የአውሮፕላን ትምህርት ቤት ነው፤ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ የእናንተ ግን አይደለም። በምርጫ ኮርስነት ብቻ የተጻፈውንም ተጠራጠሩ፤ በየዓመቱ ላይሰጥ ይችላል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ከሆነ ደግሞ የግድ ኤሮስፔስ አያስፈልግም። አገር ውስጥ ኤሌክትሪካል ወይም ሜካኒካል ተምሮ፣ የቁጥጥር ምህንድስናን አጥብቆ ይዞ፣ ለማስተርስ መሻገር እኔ የምመርጠው መንገድ ነው።

ቀጥሎ ተማሪዎቹ በእጃቸው የሠሩት ሳተላይት ምህዋር ላይ ወጥቶ ያውቅ እንደሆነ አጣሩ። በጀርመን የሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች የሠሩት፣ ወደ 120 ኪሎ የሚመዝነው ፍላይንግ ላፕቶፕ የተባለ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2017 መጥቋል፤ የሚታዘዘውም ከዚያው ከግቢው ነው። የጃፓኑ ኪዩሹ የቴክኖሎጂ ተቋም በበርድስ ፕሮጀክት ከታዳጊ አገሮች የመጡ ድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ሳተላይት አሠርቷል። ጋና፣ ሞንጎሊያና ባንግላዴሽ የመጀመሪያ ሳተላይታቸውን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ፓስፖርታችሁንም አስቡ። አሜሪካ መማርና እዚያው መቀጠር ይለያያሉ። አይታር የሚባለው የአገሪቱ ሕግ ብዙ የጠፈር ቴክኖሎጂን ከጦር መሣሪያ ጋር ስለሚመድብ፣ ልዩ ፈቃድ ካልወጣ በቀር ሥራው ለዜጋ፣ ግሪን ካርድ ላለው ወይም ጥገኝነት ለተሰጠው ሰው ነው። ዲቪ ደርሶት የሄደ በሩ ይከፈትለታል፤ በተማሪ ቪዛ የሄደ የማዕረግ ተመራቂ ብዙ ጊዜ ውጭ ይቀራል። ይህን ከተመረቁ በኋላ መስማት ያንገበግባል።

የገንዘቡ ነገር አጭር ነው። በአብዛኞቹ የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም፤ ሽቱትጋርት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1500 ዩሮ ያስከፍላል። የማስተማሪያ ቋንቋውንም ጠይቁ፤ ጀርመንኛ ከሆነ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድማችሁ ጀምሩ።

በመጨረሻ ባሰባችሁት ዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ ሦስት ተማሪዎች ጻፉ። ፕሮፌሰሩ ክፍሉን ያወድሳል፤ ተማሪው ግን የቀመሰውን ይነግራችኋል። ሪአክሽን ዊል በእጁ ነክቶ ያውቃል? መመረቂያውን የሠራው በምን ላይ ነው? ካቻምና የተመረቁት የት ገቡ? ሦስቱም «ሲሙሌሽን ብቻ» ካሏችሁ ያንን ስም ከዝርዝራችሁ ሰርዙት።