ጊታር በመዘምራን መካከል፦ እንዴት እንምረጠው? ለምንስ እንጠቀምበት?



በየቁምስናው የሚያገለግሉ ወጣት መዘምራን ለቆሞሶቻቸው ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች መካከል ደጋግሞ የሚሰማው «ጊታር ይገዛልን» የሚለው ነው። ጥያቄው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መሣሪያው የሚገዛው ምእመናን ከጎደሎአቸው ቀንሰው በሰጡት ገንዘብ ነው፤ የሚያገለግለውም በጸሎት መካከል ነው። ስለዚህ ስለ አመራረጡና ስለ አጠቃቀሙ አስቀድሞ መመካከር ተገቢ ሆኖ ስላገኘነው ይህን ትምህርት አዘጋጅተናል።

በቅድሚያ እኛ ራሳችን የሠራነውን ስሕተት እንናገር። ከዓመታት በፊት እናገለግልበት በነበረ አንድ ቁምስና መዘምራኑ ሁለት ዓመት ሙሉ ገንዘብ አጠራቀሙ። በእኛም ፈቃድ አንድ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ አንድ ቤዝ ጊታርና ድምፅን የሚለዋውጡ ኢፌክት ፔዳሎች ተገዙ። ለማጉያ የሚሆን ገንዘብ ስላልተረፈ ሁሉም ለስብከት በምንገለገልበት አሮጌ የድምፅ ማጉያ ላይ ተሰካ። በመጀመሪያው እሑድ ሕዝቡ በአድናቆት አዳመጠ፤ በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ግን ሕዝቡ ማዳመጥ ብቻ እንጂ መዘመር መተዉን አስተዋልን። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ሸምገል ያሉ እናት ቀርበው፦ «አባ፣ ድምፁስ ያምራል፤ ቃሉ ግን የት ገባ?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም።

እኒህ እናት የጠየቁት ጥያቄ የዚህ ትምህርት መለኪያ ነው። ማንኛውም መሣሪያ ሲመረጥ «ቃሉ ይሰማልን? ሕዝቡስ ይዘምራልን?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች?

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ በቁጥር 120 ላይ፣ በላቲን ሥርዓት ለኦርጋን ከፍ ያለ ክብር ከሰጠ በኋላ ሌሎች መሣሪያዎችም ሥልጣን ያለው አካል ከፈቀደና ለቅዱስ አገልግሎት የሚስማሙ ወይም እንዲስማሙ ሊደረጉ የሚችሉ ከሆነ ሊገቡ እንደሚችሉ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ቅዱስ ዜማ የወጣው መመሪያ ደግሞ የመሣሪያ ተግባር ድምፅን መደገፍ፣ የሕዝቡን ተሳትፎ ማቅለልና የጉባኤውን አንድነት ማጠንከር መሆኑን ይገልጻል። የመሣሪያው ድምፅ ቃሉ እስከማይለይ ድረስ ዘማሪዎችን መሸፈን እንደሌለበት፣ ካህኑም የራሱን ክፍል በዜማ ሲያሰማ መሣሪያው ዝም እንዲል ያዛል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ዋሽንትና በገና እንኳ ድምፃቸው ተለይቶ ካልተሰማ የሚነገረው ነገር እንደማይታወቅ አስረድቷቸዋል።

ጊታር ለቤተ ክርስቲያን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። «ጸጥ ያለ ሌሊት» በሚል የሚታወቀው የልደት መዝሙር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1818 በልደት ዋዜማ፣ በኦስትሪያ በሳልዝቡርግ አጠገብ በምትገኘው በኦበርንዶርፍ፣ በቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ቃሉን የጻፉት ካህኑ ዮሴፍ ሞር፣ ዜማውን ያወጡት መምህሩ ፍራንትስ ክሳቨር ግሩበር ናቸው። አጃቢው አንድ ጊታር ብቻ ነበር፤ እርሱንም የመቱት ካህኑ ራሳቸው ነበሩ። በሁለት ሰዎች ድምፅና በአንድ ጊታር የተጀመረው መዝሙር ዛሬ በዓለም ሁሉ ይዘመራል።

ቦክስ ጊታር

ለቁምስና መጀመሪያ ሊገዛ የሚገባው ባለ ስድስት አውታር ቦክስ ጊታር ነው። ይህም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የናይለን ክር ያለው ክላሲክ ጊታር ሲሆን፣ የዛሬ ቅርጹን ያገኘው በ19ኛው መቶ ዓመት በተለይ በእስፓኛዊው ጊታር ሠሪ በአንቶኒዮ ዴ ቶሬስ እጅ ነው። ናይለን ከመምጣቱ በፊት ክሩ እንደ በገናችን ከአንጀት ይሠራ ነበር። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ የጀማሪን ጣት አያቆስልም። ሁለተኛው የብረት ክር ያለው ነው፤ ድምፁ ጎላና ጠራ ያለ በመሆኑ ብዙ ሕዝብ በሚዘምርበት ቦታ የተሻለ ይሰማል።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። ስድስቱ የብረት ክሮች ሲወጠሩ በአንድነት በ70 ኪሎ ግራም ገደማ ኃይል ይስባሉ፤ የናይለኖቹ ግን 40 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ለናይለን በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር መግጠም መሣሪያውን ማጥፋት ነው። ክሮቹ የታሰሩበት ድልድይ ከነሙጫው ይነቀላል፤ አንገቱም ይጎብጣል።

ጊታር ለመግዛት የሚሄድ ሰው የሚከተሉትን ይመርምር።

1ኛ. አንገቱን እንደ ቀስት አነጣጥሮ ከራሱ ወደ ሆዱ ይመልከት፤ የተጣመመ ከሆነ ይተወው።

2ኛ. እያንዳንዱን ክር በየፍሬቱ እየተጫነ ይምታ፤ የሚንጣጣ ወይም የሚታፈን ድምፅ እንዳለ ያስተውል።

3ኛ. ክሩን ከቃኘ በኋላ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ ይምታው። ድምፁ ባዶው ክር ከሚሰጠው በትክክል አንድ ኦክታቭ ከፍ ማለት አለበት። ካልሆነ ጊታሩ የቱንም ያህል ቢቃኝ አይስማማም።

4ኛ. በዚያው በ12ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ርቀት ይይ። በብረት ክር 2 ሚሊ ሜትር ተኩል፣ በናይለን 4 ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነ መልካም ነው። ከዚህ እጅግ ከራቀ የጀማሪው ጣት ይደክማል።

ፊቱ ከአንድ ሙሉ እንጨት የተሠራ ጊታር የተሻለ ድምፅ ቢኖረውም በደረቅ ወራት የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። ተደራርቦ ከተጣበቀ ስስ እንጨት የተሠራው ግን ድምፁ ዝቅ ቢልም ጠንካራ ነው፤ ብዙ እጅ ለሚያልፍበት የቁምስና ዕቃ ይህኛው የሚሻልበት ጊዜ አለ። ሁለቱንም ከፀሐይና ከሻማ ሙቀት አርቆ በሣጥኑ ውስጥ ማኖር ይገባል።

ቤዝ ጊታር

ቤዝ ጊታር አራት ክሮች አሉት፤ ሚ፣ ላ፣ ሬና ሶል ተብለው ይቃኛሉ። የወፍራሙ ክር ድምፅ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የተራው ጊታር ወፍራም ክር 82 ጊዜ ያህል ስለሚርገበገብ ቤዙ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1951 የፌንደር ኩባንያ ፕሪሲሽን የተባለውን ቤዝ ባወጣ ጊዜ፣ ቆሞ ይመታ በነበረው ትልቁ ኮንትራባስ ፋንታ በትከሻ የሚንጠለጠለው መሣሪያ መስፋፋት ጀመረ።

ቤዝ የዝማሬ መሠረት ነው። ሕዝቡ ምቱን እንዳይስትና ድምፁ እንዳይወርድ ይረዳል። ይሁን እንጂ እንደ ቤት መሠረት ሁሉ ሥራው መሸከም እንጂ መታየት አይደለም፤ በአንድ ምት አንድ ድምፅ በርጋታ የሚመታ ቤዝ ከሚሯሯጠው ይበልጥ ያገለግላል። የተለመደው ቤዝ ክሩ ከጫፍ እስከ ድልድይ 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክንዳቸው ላልረዘመ ልጆች 76 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነው አጭሩ ይስማማቸዋል።

ቤዝ ሲገዛ የራሱ ማጉያ አብሮ ሊታሰብ ይገባል። ጥሩንባ መሰሉ የስብከት ድምፅ ማጉያ ዝቅተኛውን ድምፅ ማውጣት አይችልም፤ ትንሽ ስፒከርም በዚህ ድምፅ ሊቀደድ ይችላል። የእኛም ስሕተት አንዱ ይህ ነበር።

ድምፅን የሚለውጡ መሣሪያዎች

ድምፅን መለወጥ በራሱ ክፉ አይደለም። በበገና ድልድይ ላይ በእያንዳንዱ አውታር ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ የምትባለው፣ ለበገና ያን የሚያንዛርር ግርማ ያለው ድምፁን የምትሰጠው እርስዋ ናት። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ጸሎቱን ለማገዝ ነው። የዛሬውም መሣሪያ በዚሁ መለኪያ ይመዘን።

ሪቨርብ የሚባለው ድምፁ በሰፊ አዳራሽ ውስጥ የሚያስተጋባ ያስመስለዋል። ዲሌይ ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ ይደግመዋል። ኮረስ አንዱን ጊታር እንደ ብዙ ያሰማዋል። ዲስቶርሽን ድምፁን ያሻክረዋል፤ ይህ ለቅዳሴ ዝማሬ እምብዛም አያስፈልግም። ሪቨርብ ከመግዛታችን በፊት በቤተ ክርስቲያናችን መካከል ቆመን አንድ ጊዜ እናጨብጭብ። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳውም ድንጋይ ከሆነ ድምፁ ቶሎ አይጠፋም። ቤቱ ራሱ በሚያስተጋባበት ስፍራ ሌላ ማስተጋቢያ መጨመር ቃልን በቃል ላይ መደረብ ነው። ጣሪያው ዝቅ ባለ ወይም ድምፅ በሚውጥ ቤት ግን ጥቂት ሪቨርብ ሊጠቅም ይችላል።

ስለ ኤሌክትሪኩም እንጠንቀቅ። አብዛኞቹ ፔዳሎች በ9 ቮልት የሚሠሩና የመሰኪያቸው መካከል ኔጌቲቭ የሆነ ነው፤ በላያቸው የተጻፈውን ሳያነቡ ሌላ አዳፕተር መሰካት ያቃጥላቸዋል። ማይክ በውስጡ የተገጠመለት ቦክስ ጊታርም ኬብሉ እንደተሰካ ከተተወ ብዙውን ጊዜ ባትሪው ያልቃል፤ ከዝማሬ በኋላ ኬብሉን መንቀል ልማድ ይሁን።

የአገዛዝ ቅደም ተከተል

ከላይ ከተባለው የምንመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ አንድ ደኅና ቦክስ ጊታር ከነሣጥኑ፣ ከመለዋወጫ ክርና ከመቃኛ ጋር፤ ቀጥሎ ለዘማሪዎች ድምፅ ማይክራፎን፤ በሦስተኛ ቤዝ ከራሱ ማጉያ ጋር፤ ኢፌክት ግን ከሁሉ በኋላ፣ ያስፈልጋል ከተባለ ብቻ። እኛ ይህን ገልብጠን ስለ ጀመርን ከስርን።

የግዕዝ ሥርዓት በሚፈጸምባቸው ቁምስናዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይታሰብ። የጊታር ፍሬት ኦክታቩን በ12 እኩል እርከን ከፍሎ ያቆመ ነው፤ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የሚዜመው ግን በእርከኖቹ መካከል የሚንሸራተት፣ ከመምህር አፍ የሚወረስ ዜማ ነው። ስለዚህ ጊታሩ በወጣቶች ስብሰባና በአማርኛ መዝሙሮች ያገልግል፤ በዜማው ስፍራ ከበሮውና ጸናጽሉ ቦታቸውን ይያዙ።

ያ የጀመርነው ታሪክ እንዴት እንደተፈጸመ እንናገርና እንዝጋ። ፔዳሎቹን ወደ ሣጥናቸው መለስን፤ ኤሌክትሪኩን ጊታር ሸጠን ቦክስ ጊታር ገዛን፤ ቤዙም ማጉያ እስኪገኝለት ቆየ። ወጣቶቹ አዘኑ፤ ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ከመዘምራን ቀሩ። ልንወቅሳቸው አልቻልንም፤ ሳንመክራቸው የፈቀድን፣ ሳናማክራቸውም የከለከልን እኛ ነበርንና። ወደ ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ ተመለሱም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያ ልጅ በቦክስ ጊታሩ ቀስ ብሎ ሲጀምር፣ እኒያ እናት ከፊተኛው ወንበር ሲዘምሩ ሰማናቸው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን ከመሣሪያው ድምፅና ከሕዝቡ ድምፅ የሚበልጠው የትኛው ነው?

2. መሣሪያ ሲገዛ ቆሞሱ፣ መዘምራኑና ሽማግሌዎቹ በአንድነት ይመክራሉን?

3. ያሉንን መሣሪያዎች የሚቃኝ፣ የሚጠብቅና ለታናናሾቹ የሚያስተምር ማን ነው?