የቺምፉንሺ መጠጊያ

በዛምቢያ ሰሜናዊ ክፍል፣ መዳብ በሚወጣበት በኮፐርቤልት ክፍለ ሀገር፣ በካፉዌ ወንዝ አጠገብ ቺምፉንሺ የሚባል እርሻ ይገኛል። የእርሻው ባለቤቶች አቶ ዴቪድ ሲድልና ወይዘሮ ሺላ ከብት እያረቡ ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. አንድ የዱር አራዊት ጠባቂ ክፉኛ የቆሰለ የቺምፓንዚ ግልገል ይዞላቸው መጣ። ፊቱ በስለት ተሸንትሯል፤ ጥርሶቹ ተሰባብረዋል። ወይዘሮ ሺላ ወተት በጡጦ እያጠቡ፣ ቁስሉን እያጠቡ አስታመሙት፤ ግልገሉም ዳነ። ስሙንም ፓል አሉት፤ በእንግሊዝኛ ወዳጅ ማለት ነው።

ቺምፓንዚ በአገራችን ገደላገደል ከሚታየው ዝንጀሮ የሚለየው ጅራት የሌለው በመሆኑና በአካልም በጠባይም ወደ ሰው ይበልጥ በመቅረቡ ነው። በዛምቢያ ጫካዎች በተፈጥሮው አይገኝም። ወደ ቺምፉንሺ ከመጡት ብዙዎቹ በዚያን ጊዜ ዛይር ትባል ከነበረችው ከጎረቤት አገር ከኮንጎ በድብቅ ተሻግረው የተያዙ ናቸው። አዳኞች እናቲቱን ለሥጋዋ ይገድሏታል፤ ከሬሳዋ ላይ ተጣብቆ የተገኘውን ግልገል ደግሞ ለቤት መጫወቻ ይሸጡታል። የፓል መዳን በተሰማ ጊዜ ከነጋዴዎች የተቀሙ ሌሎች ግልገሎችም እየተከታተሉ መጡ።

ነገሩን ከሩቅ የሚመለከት ሰው፣ «ከዳኑ በኋላ ለምን ወደ ጫካቸው አይመለሱም?» ማለቱ አይቀርም። ይህ ግን እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። የቺምፓንዚ ግልገል እስከ አራትና አምስት ዓመቱ ድረስ ይጠባል፤ የሚበላውን ፍሬ ለይቶ ማወቅን፣ ጎጆ መሥራትንና ከጠላት መሸሽን የሚማረው እናቱን እያየ ነው። በሰው እጅ ያደገው ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ሰውንም አይፈራም። ከዚህም በላይ የጫካ ቺምፓንዚዎች ባዕድ ወንድ ከክልላቸው ቢገባ ተባብረው እስከ መግደል ይደርሳሉ።

ስለዚህ ቤተሰቡ ግልገሎቹን በጊዜያዊ እንግድነት ሳይሆን ለዕድሜ ልክ ተቀበላቸው። ትናንሽ ሳሉ ከሰው ጋር ወደ ዱር እየወጡ ዛፍ መውጣትን ይለማመዱ ነበር። ሲያድጉ ግን ጉልበታቸው ከሰው ስለሚበልጥ፣ በእቅፍ ያደገው ግልገል ከአሳዳጊው በአጥር መለየት ግድ ይሆንበታል። አጥሩም ቢሆን እንዲሁ የሚታጠር አይደለም፤ ዛፍ ያለበት ሰፊ መሬት መከለል አለበት። በቺምፉንሺ ትልቁ ክልል ከ70 ሄክታር በላይ ነው። ባዕዳን የነበሩት እንስሳት በውስጡ ቀስ በቀስ እየተላመዱ፣ አለቃቸውን እየለዩ መንጋ ይሆናሉ። የእንስሳቱ ቁጥር ከመቶ በላይ በመድረሱ ምግብ ማቅረቡ ብቻ በየቀኑ ብዙ ሠራተኞችን ይጠይቃል።

በአንደኛው መንጋ ውስጥ ጁሊ የተባለች እንስት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. አንድ የሣር ዘለላ ጆሮዋ ውስጥ ሰክታ መዞር ጀመረች። ለምግብ አይረዳ፣ ለመድኃኒት አይሆን፤ ምክንያቱ አልታወቀም። ሆኖም ከጓደኞቿ አብዛኞቹ ልማዱን ተቀበሉ፤ ጁሊ ከሞተችም በኋላ ጥቂቶቹ ሣሩን መሰካታቸውን አልተዉም። እነዚህ እንስሳት እርስ በርሳቸው መማማራቸው በታዛቢዎቹ ዘንድ ትልቅ ግምት ተሰጠው።

ቺምፓንዚ 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። አቶ ዴቪድ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ሲያርፉ ካሳደጓቸው ግልገሎች ብዙዎቹ ገና ጎልማሶች ነበሩ። ሥራው በወይዘሮ ሺላ፣ በልጃቸውና በእርሻው ሠራተኞች እጅ ቀጠለ።

ጥያቄዎች

1. «ለዕድሜ ልክ ተቀበላቸው» ሲል ጽሑፉ ምን ማለቱ ነው?
2. አሳዳጊና ግልገል በአጥር የሚለያዩት ለምንድን ነው?
3. የቤተሰቡን ሥራ ማን ሊረከበው ይገባል ትላላችሁ? ቤተሰቡ፣ መንግሥት ወይስ ሌላ ወገን? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።