ለትንሽ ንግድ የሚሆን ስልክ እንዴት ይመረጣል?

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን አገልግሎቱን የሚሰጠው የመንግሥት ድርጅት ብቻ ስለ ነበረ፥ ነጋዴ «የቱን ልያዝ?» ብሎ አይጨነቅም ነበር። በመስከረም ወር 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም ጐን ሥራውን በይፋ ከጀመረ በኋላ ግን መምረጥ ግድ ሆነ።

እናቴ በደባርቅ ገብስና ድንች ትነግዳለች። አምና «ይኸኛው ርካሽ ነው» ቢሏት የቀድሞ ቁጥሯን ትታ ሌላ ሲም ካርድ ገዛች። መደብራችን ከጉብታ ሥር ስለ ሆነ ግን ስልኩ አይጠራም ነበር። የጎንደሩ ደንበኛችን ደጋግሞ ደውሎ ቢያጣት፥ ድንቹን በመንገዱ ላይ ከዳባት ገዛ፤ የኛም ድንች በጆንያ ውስጥ እንዳለ አቆጠቆጠ።

ከዚህ የተማርሁት የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ተራራ የስልክን ሞገድ ይጋርዳል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የጎረቤት ስልክ ተውሶ በመደብሩ ውስጥና በገበያው መሞከር ይገባል።

ሁለተኛ፤ ደንበኞች በምን እንደሚከፍሉ መጠየቅ ነው። ቴሌብር በ2013፥ ኤምፔሳ በ2015 ዓ.ም. ተጀምረዋል።

ሦስተኛ፤ ኢንተርኔት ቢጠፋ ገንዘብ የሚላክበትን መንገድ ማወቅ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ቴሌብር ግን *127# ተብሎ ሲደወል ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

አራተኛ፤ ዋጋ የሚታየው ከነዚህ በኋላ ነው።

አሁን እናቴ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ገዝታ የቀድሞ ቁጥሯን መልሳለች። ደንበኛ የሚያሳጣ ርካሽ ስልክ፥ ከሁሉ ይልቅ ውድ ነው።