በወፍ ቆዳ ላይ የወጣ እባጭ፦ መለየት ከማከም ይቀድማል

የዛሬው ትምህርታችን በዶሮና በሌሎች ወፎች ቆዳ ላይ ስለሚወጣ ካንሰር ነው። ብዙዎቻችን ዶሮ በሚረባበት ቤት ስላደግን ጉዳዩ ሩቅ አይደለም።

ዋናው ነጥብ አንድ ነው፦ እባጩን በዓይን ብቻ አይቶ «ካንሰር ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ መወሰን አይቻልም። ስህተቱ ደግሞ በሁለቱም በኩል ይጎዳል። በራሷ ልትድን የምትችል ዶሮ «ካንሰር ይዟታል» ተብላ ትወገዳለች። በጊዜው ቢቆረጥ ሊድን የሚችል እጢም «ቁስል ነው፣ ይደርቃል» እየተባለ አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

1. የሚመሳሰሉ እባጮች

ሀ. የዶሮ ፈንጣጣ፦ ቫይረስ ነው፤ ትንኞችም ያስተላልፉታል። ላባ በሌለበት ቦታ፣ ማለትም በአናት፣ በዓይን ዙሪያና በእግር ላይ ኪንታሮት የመሰለ እባጭ ያወጣና ቅርፊት ይይዛል። የቆዳው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይድናል። ብዙ ዶሮዎች በአንድ ሰሞን መያዛቸው አንድ ፍንጭ ነው።

ለ. የላባ ከረጢት፦ ላባው መውጣት አቅቶት ከቆዳ ሥር ሲጠቀለል የሚፈጠር እብጠት ነው። ካንሰር አይደለም።

ሐ. የማሬክ በሽታ፦ በቫይረስ የሚመጣ የዶሮ ካንሰር ነው። ቆዳን ሲይዝ የላባ መብቀያ ቀዳዳዎች ያብጣሉ። መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ጫጩቷ እንደተፈለፈለች የሚሰጥ ክትባት ነው።

መ. ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ፦ ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው። በበቀቀኖች ላይ በጭንቅላት ቆዳ፣ በክንፍ ጫፍ፣ በጣቶችና ጅራት ሥር ባለው የዘይት እጢ ላይ ይታያል። የሚደማ፣ ቅርፊት የሚይዝና አልድን ያለ ቁስል ይመስላል።

2. ምርመራው

ሐኪሙ መጀመሪያ በቀጭን መርፌ ሴሎችን ሊወስድ ይችላል። ነገር ግን ቁስሉ ከመረቀዘ መርፌው የሚያወጣው የቁጣውን ሴሎች ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ካንሰሩ ከሥር ተደብቆ ይቀራል። ስለዚህ አስተማማኙ መንገድ ከእባጩ ትንሽ ሥጋ ቆርጦ፣ በፎርማሊን አኑሮ፣ ፓቶሎጂስት በማይክሮስኮፕ እንዲያየው መላክ ነው። ፈንጣጣም ቢሆን በዚሁ ምርመራ ይለያል። ካንሰር ከሆነ አጥንት መነካቱን ለማወቅ ራጅ ይነሳል።

3. ሕክምናው

ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ብዙውን ጊዜ ወደ ሩቅ አካል ከመሰራጨቱ በፊት ባለበት ቦታ ወደ ውስጥ ይቆፍራል። ስለዚህ የተሻለው ሕክምና በጊዜ ቆርጦ ማውጣት ነው። የሚቆረጠውም እጢው ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ጤናማ ቆዳ ጭምር ነው። በተቆረጠው ሥጋ ጠርዝ ላይ የካንሰር ሴል ከተገኘ በሽታው ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከፍተኛ ነው። በክንፍ ጫፍ ወይም በጣት ላይ ከሆነ ትርፍ ቆዳ ስለሌለ ክፍሉን ሙሉ በሙሉ መቁረጥ ሊያስፈልግ ይችላል።

ይህን በቤት በምላጭ መሞከር ለምን እንደማይገባ በስሌት እንየው። የወፍ ደም ከክብደቷ 10 በመቶ ያህል ነው። 90 ግራም የምትመዝን ትንሽ በቀቀን ያላት ደም 9 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ለምርመራ እንኳ ከጤነኛ ወፍ የሚወሰደው ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ነው። በዚያ ላይ ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ በማደንዘዣ ሥር ሙቀቷን ቶሎ ታጣለች፤ ስለዚህ ማሞቂያ ያስፈልጋታል።

መቁረጥ በማይቻልበት ቦታ ማቀዝቀዝ፣ ጨረር ወይም እጢው ውስጥ የሚወጋ መድኃኒት ይሞከራል፤ ውጤታቸው ግን ከወፍ ወፍ ይለያያል።

ለመወያየት
• አንዲት ዶሮ ብቻ ለ2 ወር ያልዳነ ቁስል ቢኖራት ፈንጣጣ ነው ብሎ መጠበቅ ይበቃል? ለምን?
• የመርፌ ናሙና «ካንሰር አልታየም» ቢል ጉዳዩ ተዘጋ ማለት ነው?