«ኖታሪዮ»፦ የላቲኖ ጠበቆች ማኅበራትና የስደተኛው አቤቱታ በአሜሪካ

በላቲን አሜሪካ «ኖታሪዮ» በሕግ የሠለጠነ፣ ከፍ ያለ ሥልጣን ያለው ባለሙያ ነው። በአሜሪካ ግን «ኖተሪ ፐብሊክ» በዋናነት ፊርማ የሚያረጋግጥ እንጂ የሕግ ምክር ለመስጠት የተፈቀደለት አይደለም። በዚህ የስም መመሳሰል የሚነግዱ ሰዎች ስደተኛውን ያታልላሉ፤ በስሕተት የቀረበ ማመልከቻም ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መንግሥት በራሱ ወጪ ጠበቃ የማቆም ግዴታ ስለሌለበት፣ የአታላዮቹ ገበያ ሰፊ ነው።

ካሊፎርኒያ ማዕረጉን «ኖታሪዮ ፑብሊኮ» ብሎ በማስታወቂያ መተርጎምን ከልክላለች። ሆኖም ተበዳዩ ራሱ መባረርን ፈርቶ ከመክሰስ ስለሚቆጠብ ክልከላው ይላላል። የላቲኖ ጠበቆች ወደ አካባቢ ጠበቆች ማኅበር አመራር መምጣትም በዚህ ሊመዘን ይገባል፤ አቤቱታን በስፓኒሽ ተቀብሎ ተበዳዩን ፈቃድ ወዳለው ጠበቃ የሚመራ ማኅበር፣ ሕጉ ያጣውን ከሳሽ ሊያስገኝለት ይችላል።